ሦስት ወር በዋሃካ፦ የበረዶውን ወቅት ሜክሲኮ ኖሮ ለማሳለፍ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ሚኒሶታ ውስጥ በጃንዋሪ ፀሐይ ብትወጣም አታሞቅም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲያ ከኖርኩ በኋላ ሥራዬን ከቤት መሥራት ጀመርኩና ሁለት ክረምት በተከታታይ ደቡብ ሜክሲኮ፣ ዋሃካ ከተማ አሳለፍኩ። ክረምት ስል የበረዶውን ነው። ዋሃካ ውስጥ ግን ያ ወቅት በጋ ነው። ዝናቡ በኦክቶበር ያበቃና እስከ ማርች ድረስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይቆያል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ቤቶቹ ማሞቂያ የላቸውም፤ ጋቢያችሁን ያዙ።

ሰዎች "ሦስት ወር ሙሉ ምን ትሠራላችሁ?" ይሉናል። ሦስት ወር እንደ ጎብኚ ለከረመ ሰው በእርግጥ ረጅም ነው። የሰፈሩን ሳምንትና የሰፈሩን በዓል ተከትሎ ለሚኖር ግን ያጥራል። ይህን የጻፍኩት ለሁለተኛው ዓይነት ሰው ነው። ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ወረቀቱን አስቀድማችሁ ጨርሱ

የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእስራኤልና የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፓስፖርት ያለው ሰው ለጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም። ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ሌላ ነገር አለ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው የጸና የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም የጸና የአሜሪካ ቪዛ ከያዘ ያለ ሜክሲኮ ቪዛ መግባት ይችላል። የካናዳ፣ የእንግሊዝና የሸንገን አገሮች ቋሚ መኖሪያም ያገለግላል። ከዱባይ ወይም ከሪያድ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የሚነሳ ግን ከሜክሲኮ ኤምባሲ ቪዛ ማውጣት አለበት። የአየር መንገድ ሠራተኛ ይህን ላያውቅ ስለሚችል ከሜክሲኮ ቆንስላ ድረ ገጽ ላይ ደንቡን አትማችሁ ያዙ። እኔን ያ አንድ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ባይኖር ኖሮ በረራው ያመልጠኝ ነበር።

ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ከሆነ ይህን ጉዞ አታስቡት፤ ከአሜሪካ መውጣት ጉዳያችሁን ሊያበላሽ ይችላልና መጀመሪያ ጠበቃችሁን አነጋግሩ። ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ ከስድስት ወር በላይ ውጭ መቆየት ለዜግነት የምትቆጥሩትን ጊዜ ሊያቋርጥባችሁ እንደሚችል አስታውሱ።

ስትገቡ የሚሰጣችሁ ጊዜ ቢበዛ 180 ቀን ነው። "ቢበዛ" ላይ አተኩሩ። መኮንኑ 30 ወይም 60 ቀን ሊጽፍ ይችላል፣ መብቱም ነው። "ምን ያህል ትቆያለህ?" ሲላችሁ የመመለሻ ትኬታችሁን አሳይታችሁ ቁርጡን ቀን ተናገሩ፤ ማኅተሙ ላይ የተጻፈውንም ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡ። በዚህ ፈቃድ ከሜክሲኮ ቀጣሪ ደመወዝ መቀበል አይቻልም።

2. መቼ መሄድ

የሙታን ቀን የሚባለው ታላቅ በዓል ኖቬምበር 1 እና 2 ነው። እጅግ ያምራል። ነገር ግን ያን ሳምንት ከተማው በሰው ይጨናነቃል፣ የቤት ኪራይም ጣሪያ ይነካል። የእኔ ምክር ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ገብታችሁ በፌብሩዋሪ መጨረሻ እንድትወጡ ነው። ዲሴምበር በሙሉ የበዓል ወር ነው፣ እስከዚያ ደግሞ ሰፈሩን ትለምዳላችሁ፣ ሰፈሩም እናንተን ይለምዳል።

3. አንድ ሌሊት በሜክሲኮ ሲቲ

ከአሜሪካ በቀጥታ ዋሃካ የሚገቡ በረራዎች አሉ፣ በሜክሲኮ ሲቲ በኩል መሄድ ግን ብዙ ጊዜ ይረክሳል። እዚያ አንድ ሌሊት እደሩና በሜትሮው ሦስተኛ መስመር ተሳፈሩ። ዋጋው 5 ፔሶ ነው። "ኢትዮጵያ" የሚባል ጣቢያ ላይ ትወርዳላችሁ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ሜክሲኮ የፋሺስት ጣልያንን ወረራ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ከተቃወሙት፣ ኢትዮጵያ የጣልያን ግዛት መባሏንም አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ በአንድ በኩል፣ ይህ ጣቢያና አጠገቡ ያለው የኢትዮጵያ አደባባይ በሌላ በኩል፣ የዚያ ወዳጅነት መታሰቢያ ናቸው። ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ተሰልፌ ያደግኩ ሰው ነኝና እዚያ ጣቢያ ግድግዳ ላይ የአገሬን ስም ሳነብ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ወደ ዋሃካ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ታፖ ከሚባለው መናኸሪያ የሚነሳው ትልቅ አውቶቡስ ደግሞ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ነው። በቀን ተጓዙ፤ ተራሮቹን ማየት ያዋጣል።

4. ቤት፦ ከበይነ መረብ አትከራዩ

ለመጀመሪያው አንድ ሳምንት ብቻ የእንግዳ ማረፊያ ያዙ። ቀሪውን በእግራችሁ ፈልጉ። "ሴ ሬንታ" የሚል ወረቀት በር ላይ ታያላችሁ፤ ይከራያል ማለት ነው። የሱቅ ባለቤትን፣ ዳቦ ሻጯን ጠይቁ። ለወር የሚከራይ ቤት በበይነ መረብ ለአዳር ከሚከራየው በጣም ይረክሳል።

በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላውቅ የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ከፈልኩ። ፎቶው ያማረ ነበር። ቤቱ ግን የውኃ ማጠራቀሚያ አልነበረውም፤ በአሥረኛው ቀን ቧንቧው ደረቀ፣ አከራዩም ስልክ አላነሳም። የዋሃካ ትልቁ ችግር ውኃ ነው። የከተማው ውኃ በየሰፈሩ በተራ ነው የሚመጣው፤ በጋው ሲገፋ በሁለትና በሦስት ሳምንት አንዴ የሚያገኙ ሰፈሮች አሉ። ስለዚህ ቤት ስታዩ ከአልጋውና ከወጥ ቤቱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ "ሲስቴርና አለ?" እና "ቲናኮው ስንት ሊትር ነው?" ሲስቴርና ከመሬት በታች ያለው ጉድጓድ ነው፤ ቲናኮ ደግሞ ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው የእኛ ሮቶ ነው። ሲያልቅ "ፒፓ" የሚባል የውኃ ቦቴ ይጠራል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አዲስ አበባ በፈረቃ ውኃ የኖረ ሰው ነገሩ አይገርመውም፣ ባልዲ መሙላቱንም አይረሳም።

የቧንቧ ውኃ አይጠጣም። 20 ሊትር የሚይዝ "ጋራፎን" የሚባል ዕቃ በየሰፈሩ እየተጮኸ ይሸጣል፤ ባዶውን ሰጥታችሁ ሙሉውን ትቀበላላችሁ። የሽንት ቤት ወረቀት ወደ ቅርጫቱ እንጂ ወደ መቀመጫው አይጣልም።

ሰፈር ከተባለ ሃላትላኮ በግድግዳ ሥዕሎቿና በድንጋይ መንገዶቿ ታምራለች፣ አሁን ግን ካፌና እንግዳ ሞልቷታል። እኔ ሬፎርማ ወይም ሾቺሚልኮ በሚባሉት ሰፈሮች እንድትፈልጉ እመክራለሁ። የኪራይ ውድነት ነዋሪውን እየገፋው መሆኑ እውነት ነው። በጃንዋሪ 2024 ሰዎች ይህን በመቃወም አደባባይ ወጥተዋል። ለአዳር ከሚያከራይ ድርጅት ይልቅ እዚያው ግቢ ከሚኖር ቤተሰብ መከራየት፣ ከሰፈር ሱቅ መግዛት፣ የምትከፍሉት ገንዘብ እዚያው እንዲቀር ያደርጋል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት።

5. አፍ መፍታት

መጀመሪያ ላይ ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ የስፓኒሽ ትምህርት ውሰዱ። ከተማው ውስጥ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለው፤ "አንተ"ን ከ"እርስዎ" ለይቶ ያደገ ሰው ነው። በስፓኒሽም "ቱ" እና "ኡስቴድ" አሉ። በእድሜ የሚበልጣችሁን፣ ገበያ ላይ ያሉትን እናቶች፣ አከራያችሁን "ኡስቴድ" በሉ። ከእንግሊዝኛ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው የሚሰናከሉት።

ስም ሲጠራ "ኬ?" ማለት፣ ማለትም "ምን?" ብሎ መመለስ፣ እንደ ብልግና ይቆጠራል። ሜክሲኳዊ ልጅ እናቱ ስትጠራው "ማንዴ?" ይላል፤ "እዘዙኝ" እንደማለት ነው። አቤት! የመጀመሪያ ቀን ስሰማው ለማንም መተርጎም አላስፈለገኝም።

ሱቅ፣ ታክሲ፣ የሐኪም መጠበቂያ ክፍል ስትገቡ ለተገኘው ሰው ሁሉ "ብዌኖስ ዲያስ" በሉ፤ ከቀትር በኋላ "ብዌናስ ታርዴስ" ነው። ምግብ ቤት ውስጥ በሚበላ ሰው አጠገብ ስታልፉ "ፕሮቬቾ" ይባላል። የማታውቁት ሰውም ይላችኋል፣ እናንተም ትላላችሁ። "አኦሪታ" የሚለው ቃል "አሁን" ማለት ነው፣ ከአምስት ደቂቃ እስከ ነገ ሊዘልቅ ይችላል፤ "መጣሁ መጣሁ" የሚለውን የኛን ሰው አስቡ። አንድ ሰው "ግብዣው በእርስዎ ቤት ነው" ቢላችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ የገዛ ቤቱን ነው በትሕትና "የእርስዎ ቤት" ያለው።

6. ሳምንቱን በገበያ ቁጠሩ

በዋሃካ ሸለቆ እያንዳንዱ ከተማ የገበያ ቀን አለው። ረቡዕ ኤትላ፣ ሐሙስ ሳቺላ፣ ዓርብ ኦኮትላን፣ እሑድ ትላኮሉላ። በጋራ ታክሲ ትደርሳላችሁ። አንዱን ብቻ የምትመርጡ ከሆነ ትላኮሉላ ይሁን፤ ከየመንደሩ የሚወርዱት የሳፖቴክ እናቶች በጥልፍ ሽርጣቸው፣ በራሳቸው ቋንቋ ሲገበያዩ ትሰማላችሁ። ሳፖቴክኛ ከስፓኒሽ ጋር የማይዛመድ፣ ከስፓኒሽ በፊት የነበረ ቋንቋ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሜክሲኮን የመሩት ቤኒቶ ኋሬስ አፋቸውን የፈቱት በዚህ ቋንቋ ነበር።

በቆሎን ሳያውቁ ይህን አገር ማወቅ አይቻልም። ሚትላ ከተባለችው ከተማ አቅራቢያ ከአንድ ዋሻ የተገኘው የበቆሎ ቆረቆንዳ ከ6,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ተክሉ የተለመደው ሜክሲኮ ውስጥ ነው፤ የእኛ በርበሬም ዘሩ ከዚያው ነው የመጣው። በጠዋት ተነስታችሁ የሰፈራችሁን "ሞሊኖ" ፈልጉ። ወፍጮ ቤት ነው። ሴቶች ባልዲ ይዘው ይሰለፋሉ። ባልዲው ውስጥ ያለው ግን ደረቅ እህል አይደለም፤ በኖራ ውኃ ተቀቅሎ ያደረ፣ ቅርፊቱ የለቀቀ በቆሎ ነው። በውኃ እየረጠበ ይፈጫል፣ የሚወጣውም እርጥብ፣ ትኩስ ሊጥ ነው። የኖራው ነገር ለጣዕም ብቻ አይምሰላችሁ። ሊጡ እንዲያያዝ ያደርገዋል፣ በበቆሎ ውስጥ ታስሮ ያለውንም ቫይታሚን ይፈታዋል። በቆሎን ያለ ኖራ ዋና ምግባቸው ያደረጉ ብዙ ሕዝቦች ፔላግራ በሚባል በሽታ ተጎድተዋል።

ሊጡ ከዚያ "ኮማል" ላይ ይወጣል። ኮማል ከሸክላ የተሠራ ክብ ምጣድ ነው፤ ከሥሩ እንጨት ይነዳል። አንዲት እናት ሊጡን ጠፍጥፋ ስትጥል፣ ጠርዙ ሲነሳ በጣቷ ጫፍ ስትገለብጥ አጠገቧ ቆሜ ሳይ ጭሱ ራሱ የአያቴ ማድ ቤት ነበር።

ከምግቡ "ትላዩዳ"ን ቅመሱ፤ እንደ ትልቅ ሰሃን ሰፍቶ የደረቀ የበቆሎ ቂጣ ነው፣ ቦሎቄና "ኬሲዮ" የሚባለው እንደ ክር የሚተረተር አይብ ይሞላበታል። "ሞሌ" ደግሞ በርበሬ፣ ቅመምና ፍሬ ተቆልቶ ተፈጭቶ ለሰዓታት የሚንተከተክ ወጥ ነው። በዋሃካ ሰባት ዓይነት ሞሌ ይቆጠራል፤ ጥቁሩ በርበሬው እስኪጠቁር ተቆልቶ፣ ቸኮሌት ገብቶበት የሚሠራ ነው። "ቴሃቴ" የሚባለውን መጠጥ የሚሸጡ ሴቶች ገበያ መሐል ትልቅ ገበታ ይዘው ይቀመጣሉ። የተቀቀለ በቆሎ፣ ካካዎና የማሜ ፍሬ ዘር ተፈጭቶ በእጅ እየተሸ ይበጠበጣል፤ ውኃ ከላይ ይለቀቅበታል፣ ነጭ አረፋው ይንሳፈፋል፣ በቅል ይቀዳል። ከስኳሩ ጥቂት ብቻ አስደርጉ።

ለጾመኞችና ለሙስሊሞች የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለኝ። የገና ጾም የሚውለው እዚያ በምትኖሩበት ጊዜ ነው፣ ቂጣና ቦሎቄ አይታችሁም "ጾም ነው" ትላላችሁ። ቦሎቄው ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚጠበሰው። ትላዩዳው ላይ ከሁሉ በፊት የሚቀባው "አሲየንቶ"ም የአሳማ ስብ ነው። "ሲን ማንቴካ፣ ሲን አሲየንቶ፣ ሲን ኬሶ" ብላችሁ እዘዙ፤ ያለ ስብ፣ ያለ አሲየንቶ፣ ያለ አይብ ማለት ነው። የሚጣፍጠው የጾም ምግብ የቁልቋል ቅጠል ነው፤ እሾሁ ተልጦ ኮማል ላይ ይጠበሳል፣ ሎሚና ጨው ይበቃዋል።

ለቡና "ካፌ ደ ኦያ" አለ፤ በሸክላ ድስት ከቀረፋና ከጥቁር ስኳር ጋር የሚፈላ። ቡናውን ራሱን ለመቅመስ ግን በዚያው ክፍለ ሀገር ተራራ ላይ ከምትገኘው ፕሉማ ኢዳልጎ የሚመጣውን ጥሬውን ገዝታችሁ ቤታችሁ ቁሉት። እኔ ጀበናዬን ይዤ ሄጄ አከራዮቼን ሦስቱንም አጠጣኋቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከበር ላይ ሰላምታ አልፈን ወንበር ወደ መሳሳብ ደረስን።

7. መንደሮቹ

በከተማው ዙሪያ ያሉት መንደሮች እያንዳንዳቸው አንድ ሙያ ይዘዋል። ቴኦቲትላን ዴል ቫዬ የሱፍ ምንጣፍ ይሸመናል፤ ሳን ባርቶሎ ኮዮቴፔክ ጥቁር ሸክላ፤ ሳን ማርቲን ቲልካሄቴ በቀለም ያጌጡ የእንጨት አውሬዎች። ቴኦቲትላን ቀይ ቀለሙ የሚገኘው ቁልቋል ላይ ከምትኖር ትንሽ ነፍሳት ነው። ሸማኔው የደረቀችውን መዳፌ ላይ አድርጎ በጣቱ ፈጨልኝ፤ እጄ ደም መሰለ። ሎሚ ጠብ ሲያደርግበት ወደ ብርቱካን ተለወጠ፣ ኖራ ሲጨምርበት ወደ ሐምራዊ። አንድ ምንጣፍ ሳምንታት ይፈጃል፤ ዋጋ ለመቀነስ ተከራክሮ ማድከም አይገባም። የሚያብረቀርቅ ቅባት ያለው የሸክላ ዕቃ ስትገዙ ግን "እርሳስ አለው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለጌጥ እንጂ ለምግብ አታድርጉት።

ሞንቴ አልባን የሚባለው የሳፖቴኮች ጥንታዊ ከተማ ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ገደማ በፊት የተመሠረተ ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት ድረሱ፤ ጥላ የለም።

8. ጥቁር ሆኖ መኖር

ይህን የሚጽፍ ሰው ስላላገኘሁ እኔ ልንገራችሁ። በአብዛኛው የገጠመኝ መስተንግዶና ጉጉት ነው፤ "ኩባዊ ነህ? የሄይቲ ሰው ነህ?" ይሉኛል። ነገር ግን በዚያ መንገድ ብዙ ስደተኞች፣ የእኛ ልጆችም ጭምር፣ ወደ ሰሜን ያልፋሉ። ስለዚህ የኢሚግሬሽን መኮንኖች አውቶቡስ ላይ ወጥተው ሰነድ ይጠይቃሉ፣ ጥቁርን ደግሞ ቀድመው ያያሉ። ከከተማ ስትወጡ ዋናውን ፓስፖርት ማኅተሙ ካለበት ገጽ ጋር ያዙ። ተረጋግታችሁ፣ በ"ኡስቴድ" አናግሯቸው።

ሜክሲኮም የራሷ ጥቁር ሕዝብ አላት። በዋሃካና በጌሬሮ ክፍላተ ሀገር የባሕር ዳርቻ፣ ኮስታ ቺካ በሚባለው፣ በባርነት የመጡት አፍሪካውያን ልጆች ይኖራሉ። ባርነትን በ1829 ያስወገዱት ፕሬዚዳንት ቪሴንቴ ጌሬሮ የአፍሪካ ዘር ነበራቸው። ሕገ መንግሥቱ ግን ይህን ሕዝብ በስሙ የተቀበለው በ2019 ነው፤ በ2020 ቆጠራም ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ነኝ ብሎ ተመዘገበ። ጊዜ ካላችሁ ያን ዳርቻ እዩት።

9. ገንዘብ፣ ጤና፣ መሬት መንቀጥቀጥ

ዋጋ ላይ የምታዩት የዶላር ምልክት ፔሶ ነው። ኤቲኤም "በእኛ ምንዛሪ ልቀይርልህ" ሲል እምቢ በሉ፤ ባንካችሁ ይቀይረው። ገበያው በጥሬ ገንዘብ ነው። ፋርማሲ አጠገብ አነስተኛ ክፍያ የሚቀበል ሐኪም ብዙ ቦታ ይገኛል፣ ለከባድ ነገር ግን የጉዞ መድን ግዙ፤ የአሜሪካው ሜዲኬር በአብዛኛው ከአገር ውጭ አይከፍልም። አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ አለበት፤ በ2017 መጠኑ 8.2 የደረሰ ደርሶበታል። የማስጠንቀቂያ ድምፁ ሲጮህ ጎረቤት ወደሚሄድበት ሂዱ።

10. በዓላቱን ያዙ

ዲሴምበር 12 የጓዳሉፔ ማርያም ናት። ልጆች የጥንት የአገሬው ልብስ ለብሰው ኤል ያኖ መናፈሻ አጠገብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ይወሰዳሉ። ዲሴምበር 18 የከተማዋ ጠባቂ የሶሌዳድ ማርያም ናት። ከ16 እስከ 24 ያለው ዘጠኝ ሌሊት "ፖሳዳ" ነው፦ ዮሴፍና ማርያም ማደሪያ ሲለምኑ፣ ከውጭ ያለው በዜማ ይጠይቃል፣ ከውስጥ ያለው በዜማ ይከለክላል፣ በመጨረሻ በሩ ይከፈታል። ከተጋበዛችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ፍራፍሬ ወይም ዳቦ ያዙ። ሰዎቹ የወሰዱትን የመመለስ ሥርዓት አላቸው፤ "ጌላጌትሳ" ይሉታል። ለሠርግ ያመጣችሁት ዶሮ ይመዘገባል፣ በእናንተ ቀን ዶሮ ይመለሳል። ወንፈልን ለሚያውቅ ማስረዳት አያሻም።

ዲሴምበር 23 የቀይ ራዲሽ ሌሊት ነው፤ ራዲሽ እንደ ካሮት ከመሬት በታች የሚበቅል ሥር ነው። ከ1897 ጀምሮ ገበሬዎች ለዚህ ብለው ያበቀሉትን ትልልቅ ራዲሽ በመላ አደባባዩ ቀርጸው ለውድድር ያቀርባሉ። ከሰዓት በኋላ ቀድማችሁ ተሰለፉ፤ ሲመሽ ቅርጾቹ መድረቅ ይጀምራሉ። በዚያው ሰሞን "ቡንዌሎ" የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ በሸክላ ሰሃን ትበሉና ሰሃኑን ምኞት ይዛችሁ መሬት ላይ ትሰብሩታላችሁ።

ጃንዋሪ 6 የነገሥታቱ፣ ማለትም የሰብአ ሰገል፣ ቀን ነው። "ሮስካ" የሚባል ክብ ዳቦ ይቆረሳል፣ ውስጡ ትንሽ የሕፃን ምስል ተደብቋል። ለእኛ ያ ቀን የጾሙ መጨረሻ፣ የገና ዋዜማ ነው፤ ዳቦው ደግሞ ቅቤና እንቁላል አለው። የአከራዬ እናት ይህን ሳስረዳቸው ቁራሼን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፣ በማግስቱ ጠዋት ከቡና ጋር ቆረስኩት፣ ሕፃኑም ከዚያ ወጣ። ምስሉ የወጣለት ሰው ፌብሩዋሪ 2፣ በካንደላርያ ቀን፣ አብሮት ለቆረሰው ሁሉ ታማሌ ያበላል፤ በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል የበቆሎ ሊጥ ነው። ለእናንተም ከወጣ ቢያንስ ሳምንት ቀድማችሁ የሰፈሩን ታማሌ ሻጭ እዘዙ፤ በዚያ ቀን ሁሉም ሰው ይፈልጋታል። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን፣ ጥቁር ሞሌ ያለበትን በሉ፤ በነፍስ ወከፍ ሁለት ቁጠሩ። በጠዋት ድስት ይዛችሁ ሂዱ።